እንደ ግብዓት የተወሰደ ነጥብ

መተማ ዮሐንስ፣ 2008 ዓ.ም.

ግንቦት 5፣ ዓርብ

ሙቀቱ አልቻል አለ። ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ማራገቢያ አድርገውት ዋሉ። ስለ ሕግ የበላይነት ሳስተምር ከልቡ ያዳመጠኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው እንሽላሊት ብቻ ነው።

ከሰዓት ካሊድ ሱቅ ሄድሁ። ዓርብ የልጄ ቀን ነው። ሰርክአዲስ ካርቱም ሰው ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ማዳሟ ሲም እንድትይዝ አትፈቅድላትም። ያላት የቤቱ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ፣ ሴትዮዋ ዓርብ ከሰዓት እናቷን ልትጠይቅ ስትወጣ ጠብቃ በኢሞ ትደውልልኛለች። በእኛ መስመር ኢሞ አይሞከርም፤ «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲባባሉ ቀኑ ይመሻል። ካሊድ ግን የሱዳን ሲም ይሸጣል፣ ለአንድ ሰዓትም ያከራያል። ከሱቁ ጀርባ እስከ ፈፋው ድረስ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የሚመጣው ኔትወርክ ጥርት ያለ ነው። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ፖሊሱም፣ የጉምሩክ ሠራተኛውም፣ ቄሱም እዚያው ፈፋ ዳር ጀርባ ለጀርባ ቆመው ነው ከዘመድ የሚያወሩት። ሲመለሱ ግን ማንም የት እንደነበረ አይናገርም። ማንም አይጠይቅም።

«አባዬ፣ አይናዲስ ሄደች» አለችኝ። አይናዲስ እዚሁ አጠገባችን ያለችው የኮኪት ከተማ ልጅ ናት፤ ሱዳን የገቡት አብረው ነው።

«ወዴት?»

«ወደ ሊቢያ ነዋ። ከዚያ ባሕሩን ተሻግራለች አሉ። እኔንም አንድ ሰው ጠይቆኛል።»

«ምን አልሽው?»

«አባቴን ሳልጠይቅ አልሁት።»

አስቢበት አልኋት። ለልጅ ቸኩሎ «አይሆንም» ማለት እልህ ማስያዝ ነው፤ ስንት ዓመት አስተምሬ ያየሁት ይህን ነው። ለእናቷ ለእልፍነሽ አልነገርኋትም። ደም ግፊት ላለባት ሴት እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም።

ግንቦት 9

ምናለ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የወረዳው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ ሆኗል። አሥረኛ ክፍል ሳስተምረው «መንግሥት ማለት ምን ማለት ነው?» ስለው ላብ ያጠምቀው የነበረ ልጅ ዛሬ መኪና ይዞ መጣ።

«መምህር፣ አንድ ረቂቅ መመሪያ ለውይይት ወርዷል። ስለ ኢንተርኔት ነው። ኢሞ፣ ቫይበር፣ ዋትሳፕ፣ እነዚህ በድምፅ የሚያናግሩት ተጨማሪ ይከፈልባቸው፤ መስመሩም ለመሥሪያ ቤትና ለባንክ ቅድሚያ ይስጥ የሚል ነው። ከሥነ ዜጋ መምህር የተሻለ ማን ይናገርበታል? ይምጡልን።»

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ተፈለግሁ። እልፍነሽ ኮቴን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው። «ለኢንተርኔት ደግሞ ኮት ምን ያደርጋል?» አለች።

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ተነጋገርን። መንገዱ አደገኛ መሆኑን አስረዳኋት። የመምህር ያረጋል ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ ጣሊያን መግባቱንም ነገርኋት። ሁለቱንም ጎን አይታ ነው መወሰን ያለባት። እኔ ልጄን እንደ ከብት ነድቼ አላሳደግሁም።

«እሺ፣ አንተ ግን የትኛውን ትላለህ?» አለችኝ።

ከኋላዬ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ቶሎ ዘጋሁት።

ግንቦት 18

ከወረዳው ከተማ ከሸሕዲ፣ ከውይይቱ አሁን ገባሁ። ሚኒባሱ አቧራ አልብሶኛል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ከረሳሁት ቆይቷል እንዲህ ያለ ደስታ። ሁሉንም ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከክልል የመጣው ባለሙያ ገና ለጋ ነው፤ ንግግሩ ግን የተወለወለ። «መስመር ማለት መንገድ ነው» አለ። «ድምፅ የሚጭኑት መተግበሪያዎች ከባድ ተሽከርካሪ ናቸው። ከባድ ተሽከርካሪ ከባጃጅ እኩል አይከፍልም። ቅድሚያም ለአንቡላንስ ይሰጣል።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሰው መንገድ ሲባል ይገባዋል።

እጄን አወጣሁ። «መንገድ ካልን ዘንድ እንደ መንገድ እንነጋገር» አልሁ። «አንድ ሰው ቀረጡን ከፍሎ ሳለ፣ ኬላ ላይ ጆንያው እየተፈታ፣ ሰሊጥ ከሆነ እለፍ፣ ማሽላ ከሆነ ቁም ቢባል ፍርድ ነው? ሰው ለዳታው አንዴ ከፍሏል። ያንብብበት፣ ይሣቅበት፣ ከልጁ ጋር ያውራበት፣ የራሱ ጉዳይ ነው። መስመሩ የያዘውን ሳያይ ሁሉንም እኩል ያሳልፍ። ሕግ ከወጣም ይህን የሚል ሕግ ይውጣ እንጂ የሚለያይ ሕግ አይውጣ።»

አጨበጨቡ! ከልባቸው አጨበጨቡ። ባለሙያው ፈገግ አለና «ጥሩ ነጥብ ነው፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ የሌለው መስመር ይጨናነቃል» አለ። ፈገግታው አናደደኝ። እንደ ተማሪ ነው ያየኝ።

«ብትቆጣጠሩትስ ምን ልታተርፉ?» አልሁት። «እዚህ ድንበር ላይ ያለ ሰው እንደሆነ በእናንተ መስመር አይደለም የሚያወራው። በሱዳን ሲም ነው። ገንዘባችን ወዲያ ማዶ ይገባል። ዓርብ ከሰዓት መጥታችሁ ከሲም ሱቁ ጀርባ፣ ፈፋው ዳር እዩ፤ ሠራተኛውም ባለሥልጣኑም እዚያ ነው። ኢሞን ስታስወድዱ ሰውን ሁሉ ወደ ሱዳን ነው የምትገፉት።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ነጥቤ እንደ ገባቸው ያወቅሁት በዚያ ጸጥታ ነው። አጠገቤ የነበሩት ነጋዴው ሙሐመድጣሂር የኮቴን ጫፍ ጎተት አድርገው «ያ ኡስታዝ፣ በል ቁጭ በል» አሉኝ። ሽማግሌ ደፋር ንግግር አይወድም። ባለሙያው ግን ጻፈው። ጽፎም አልበቃው፤ «የመጨረሻዋን ቢደግሙልኝ» አለኝ። ደገምሁለት።

ሲወጣ ይዤ ጠየቅሁት፤ «እንዲያው ሁሉን እኩል አሳልፍ የሚል ሕግ በዚህ አገር ተስፋ አለው?»

«መምህር፣ ተስፋማ የፈጣሪ ነው» ብሎ ሣቀ። «ይኼ ከላይ ተወስኖ የመጣ ነው። ውይይቱ ለማሳተፍ ያህል ነው።»

ይሁን። ቢያንስ ተናግሬአለሁ።

ግንቦት 19፣ ዓርብ

ለሰርኬ የሸሕዲውን ሁሉ ነገርኋት። ሣቀች። «አባዬ፣ እኔ ሳልኖር ጀግና ሆንህ» አለች። ሳቋ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል።

ወደ መጨረሻው «ሰውየው ከዒድ ማግስት እንነሣለን ብሏል» አለችኝ። «እኔ እንጃ አባዬ። እዚህም ኑሮ አይደለም። ግን አንተ አትሂጂ ካልኸኝ እቀራለሁ። አንተ ሙት፣ እቀራለሁ።»

«በሚመጣው ዓርብ እናትሽን ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ቁርጡን እነግርሻለሁ።»

ሌላም ልል ነበር፤ ማዳሟ መጣች መሰለኝ ተቋረጠ። የሄድሁት ስለ ስብሰባው ላወራ አልነበረም። ጊዜውን ግን እሱ ፈጀው።

ግንቦት 23

ብሔራዊ ፈተናው ሾልኮ ወጥቷል ተብሎ ተሰረዘ። ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ታየ አሉ። ተማሪዎቼ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። የመምህራን ክፍል ውስጥ «ይኼን ፌስቡክ የሚባል መዝጋት ነበር!» ያልሁት እኔ ነኝ። ስምንት ቀን ሳይሞላኝ! ያረጋል አየኝና «ሰሊጥ እለፍ፣ ማሽላ ቁም» አለኝ። ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ።

ግንቦት 26፣ ዓርብ

የካሊድ ሱቅ ታሸገ። ጠዋት። ፖሊሶቹ ሲሙን በካርቶን ጭነው ሄዱ። ካሊድንም። ፈፋው ዳር ዘበኛ ቆሟል። እልፍነሽ ነጠላዋን ለብሳ ልትከተለኝ ተነሥታ ነበር፤ ኔትወርክ የለም ብዬ መለስኋት። እርግጥም የለም።

ግንቦት 27

ምናለን በስልክ አገኘሁት። ድምፁ ደስ ያለው ነው።

«መምህር፣ ያነሡት ነጥብ እንደ ግብዓት ተወስዷል። ከሁሉም ወረዳ ተጨባጭ ነገር የመጣው ከእኛ ብቻ ነው ብለው አመስግነውናል።»

«እኔ እኮ ለዚህ አይደለም የተናገርሁት።»

«ይገባኛል። ግን ሕገወጥ ሲም ወንጀል ነው አይደል? አይጨነቁ፣ ስምዎ አልተጠቀሰም።»

ስሜ አልተጠቀሰም። የካሊድንም ስም እኔ አልጠራሁም። ሲም ሱቅ ነው ያልሁት። ሌላ ሲም ሱቅ ይኖር እንደሆነ ሳስብ ዋልሁ። የለም።

ሰኔ 3፣ ዓርብ

ረመዳን ገብቷል። ማዳሟ አሁን በየምሽቱ ለኢፍጣር ትወጣለች፤ ሰርኬ ሰፊ ጊዜ አላት ማለት ነው። እኔ ደግሞ መስመር የለኝም። በእኛው ዳታ ሞከርሁ። ትልቁን ፓኬጅ ሞላሁ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ «እየተገናኘ ነው» ይላል፣ ይሞታል። ቤታችን ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጎረቤት ቆርቆሮ የምጠግን መሰለው፤ መዶሻ ይዞልኝ መጣ።

በተራው ስልክ የማዳሟን ቁጥር ደወልሁ። በዐረብኛ የምችለውን ያህል «ሰርክአዲስ፣ ልጄ» አልሁ። ጮኸችና ዘጋችው። ሁለተኛ አልደወልሁም። ልጄን ታባርርብኛለች።

ሰኔ 10

ጽሑፍ ገባ! ሌሊት የተላከ ነው፤ ያየሁት ማለዳ ነው። «አባዬ የት ጠፋህ? ሰውየው መልስ ፈልጓል።»

ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ጻፍሁላት። መጀመሪያ «አትሂጂ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ሳስበው፣ ስለ ሲም ጉዳይ ሰው በሚያዝበት ሰሞን፣ ስለ ደላላ የሚያወራ ጽሑፍ በስልኬ ቢገኝ ምን ይሉኛል? ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቃል ይባላል? ምክንያቱን በድምፅ ላስረዳት ይገባል። አጥፍቼ «ደህና ነን። ኔትወርክ ነው። አስቢበት፣ በድምፅ እንነጋገራለን» አልኋት።

ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሄድም።

ሰኔ 16

ሻይ ቤት። ከኋላዬ ያሉት የሰሊጥ ነጋዴዎች ናቸው፤ አላዩኝም።

«ስብሰባ ላይ የተናገረው መምህር ነው አሉ።»

«የትኛው?»

«እንጃ። ሁሉም መነጽር ያደርጋሉ።»

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። መነጽሬን ኪሴ ከትቼ፣ እንደ ዕውር ግድግዳ እየዳበስሁ።

ሰኔ 18

ገላባት ድልድዩን መሻገር ነው፤ ከቤቴ ቢጮኹ ይሰማል። ነገር ግን ከሲሙ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ፈቃድ እንዳይሻገር ተብሏል። ምናለን ፈቃድ ጠየቅሁት። «ሪፖርቱ ይለፍና፤ አሁን እርስዎ ሲሻገሩ ቢታዩ ለእርስዎም ለእኔም ጥሩ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። የቀን ሠራተኛው፣ ከጎጃም ከወሎ ለአረም የመጣው ሁሉ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይላል። እኔ ባለ መታወቂያው ቆሜ አያለሁ።

እልፍነሽ ዛሬ «ልጄ ምን ትልሃለች?» አለችኝ። «ሰላም ትልሻለች» አልኋት።

ሰኔ 24

ዝናቡ ጀመረ። ጭቃው ጫማ ይነቅላል። አትሂጂ፣ አትሂጂ፣ አትሂጂ። ይኸው እዚህ ለመጻፍ ምን ይከብዳል?

እውነቱን ልጻፍ፤ ይህን ደብተር የሚያነብ የለም። የያረጋል ልጅ ፎቶ ሲልክ፣ ያን የድንጋይ ሕንፃ፣ ያን ንጹሕ ጎዳና ሳይ፣ የእኔዋስ ብያለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ብያለሁ።

ሰኔ 30

ትናንት ዒድ ነበር። ካሊድን ፈቱት። ዛሬ የታሸገው ሱቁ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል። ሸሽቼ ላልፍ ነበር፤ ቀድሞ አየኝ።

«ያ ኡስታዝ! ዓርብ ዓርብ ሳይመጡ ከረሙ። ልጅቱ ደህና ናት?»

«አላገኘኋትም፣ ካሊድ።»

«ላ ሐውለ! ይኼን ሁሉ ጊዜ?» ራሱን ያዘ። የእሱ መታሰር ቀርቶ የእኔ አለመነጋገር አሳዘነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቱ እኮ ሸሕዲ ስብሰባው ላይ ነበሩ። መርማሪው ‹ከሱቅህ ጀርባ ዓርብ ዓርብ› እያለ ነው የጠየቀኝ። ወላሂ ቀኑን ሁሉ ያውቃል። ማን ነው የተናገረው?»

«ብዙ ሰው ተናግሯል» አልሁት።

አወቀብኝ ይሆን? ቢያውቅ ኖሮ ቀጥሎ ያለውን አይልም ነበር። «ነገ ዓርብ ነው። ገላባት የአጎቴ ልጅ ሱቅ አለ። በስሜ ይሂዱ። ፈቃድ ምናምን ይቅርብዎ፣ ጋቢ ደርበው ከአረም ሠራተኞቹ መሐል ይግቡ። ለልጅ ነው፣ ኡስታዝ።»

ሐምሌ 1፣ ዓርብ

ተሻገርሁ። ጋቢ ደርቤ፣ ዱላ ይዤ። ማንም አላየኝም። ለካስ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

የካሊድ ዘመድ ስልኬን ተቀብሎ ከኔትወርኩ አገናኘልኝ። ወዲያው መርገፍ ጀመረ፤ የታገደው ሁሉ፣ የስንት ሳምንት የድምፅ መልእክት ተከታትሎ። ስልኩ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መጀመሪያዎቹ ላይ ትቀልዳለች። «ጀግናው አባቴ፣ አጨብጫቢ በዛብህ እንዴ?» ከዚያ «አባዬ፣ ታመሃል?» ከዚያ «እማዬን ስጠኝ፣ እሷን ልጠይቃት።» አንዱ ላይ ከሩቅ አዛን ይሰማል፣ ትተነፍሳለች።

የመጨረሻው የትናንት ነው። ሹክሹክታ ነው።

«አባዬ፣ መኪናው ውጭ ቆሟል። አስቢበት ብለኸኝ አሰብሁ። ብቻዬን አልችል አልሁ። ብትጠላው ኖሮ አትሂጂ ትለኝ ነበር አይደል? ዝም ያልኸኝ ሂጂ ማለትህ ነው ብዬ ወሰድሁት። ለእማዬ አንተ ንገራት፤ እንዳትደነግጥ ቀስ ብለህ።»

«አትሂጂ» አልሁ። እዚያው ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ወደ ስልኩ። የሱቁ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ቀረፃውን ተጭኜ ደግሜ ተናገርሁና ላክሁት። ወዲያው ሄደ፤ የሚያምር መስመር ነው። እሷ ግን የዋይፋዩን ቤት ለቃለች። እስኪመሽ ጠብቄ ተመለስሁ።

ሐምሌ 2

በድጋሚ ለሚሰጠው ፈተና ሲባል ፌስቡኩም ምኑም ተዘግቷል፤ ተማሪ እንዳይረበሽ። እኔ ፈታኝ ነኝ። ምናለ ደወለ፤ ባሕር ዳር የማጠቃለያ መድረክ ስላለ «ልምድዎን ያካፍሉ» ተብያለሁ። ኅብረተሰቡ ረቂቁን በመደገፍ የሕገወጥ ሲም ቁጥጥር እንዲጠናከር ጠይቋል ተብሎ ነው ሪፖርቱ የሄደው። «እኩል ይለፍ ያልሁትስ?» አልሁት። «እሱ በአስተያየት ደረጃ ተይዟል» አለኝ።

አይመቸኝም ማለት ነበረብኝ። «አያለሁ» አልሁት።

ሐምሌ 3

ለእልፍነሽ ነገርኋት። ቀስ ብዬ፣ እንዳለችኝ። መሬት ላይ ተቀመጠች። መድኃኒቷን አመጣሁላት፤ ውኃው በአንገቷ ፈሰሰ። ከዚያ ቀና አለች።

«ታውቅ ነበር?»

«ነግራኝ ነበር።»

«ምን አልኻት?»

ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው ከተጋባን።

«አትሂጂ አልኋት» አልሁ።

ሐምሌ 8፣ ዓርብ

ወሬ የለም። አንድ መኪና በረሃ ላይ ተሰብሮ ነበር ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ ሁሉም ደርሰዋል ይላል። ካሊድ በየቀኑ ከወዲያ ማዶ አስጠይቆ «ኢንሻአላህ፣ ኡስታዝ» ይለኛል።

ሴቶቹ እልፍነሽን ሊያጽናኑ ይመጣሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ የፈተና ወረቀት የማርም እመስላለሁ። ድምፅዋ በመጋረጃው ያልፋል፤ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ነው የምትናገረው።

«ባልበላ አንጀቱ ለምኗት ነበር አባቷ። አትሂጂ እያላት ነው ጥላን የሄደች። እንዲህ ልበ ደንዳና ልጅ ናት ብዬ መቼ አስቤ! ብትደርስም ድምፅዋን አልሰማም፤ ለእሱ ስል አልሰማም።»

ሴቶቹ «እሰይ፣ እውነትሽን ነው» ይሏታል። እኔም እሰማለሁ፤ አልወጣም።